ጥርሱ ጋ ወራጅ አለ

ለመካኒሳ አቦ ነዋሪዎች፣ ለአላፊ አግዳሚው፣ እንዲሁም ለሚኒባስ ሾፌሮችና ረዳቶች በሙሉ፦ ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት «ሮበሌ ጋ» በሚል ስም በክብር ሲያገለግል የቆየው የታክሲ መውረጃ ከኅዳር መግቢያ ጀምሮ «ጥርሱ ጋ» ተብሎ መሰየሙን በታላቅ ትሕትና እናስታውቃለን። ስያሜውን ያጸደቀ ምክር ቤት የለም። የተቃወመ ግን አንድ ሰው አለ፤ እሳቸውም ራሳቸው አቶ ሮበሌ ናቸው።

አቶ ሮበሌ ገዳ አባታቸው ጤፍ ይዘሩበት ከነበረው ሰፊ መሬት በተረፈችው ግቢ የሚኖሩ፣ የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር ናቸው። ለመሆኑ በስሙ ታክሲ የሚቆምለት ሰው ስንት ነው? አደባባይ የተሰየመለት ሞልቷል፤ ግን ሞቶ ነው። እሳቸው በቁማቸው፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የማያውቃቸው መንገደኛ «ሮበሌ ጋ ወራጅ አለ!» ሲል እየሰሙ፣ እንዳልሰማ ሰው በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር። አንዳንዴ ያለ ምንም ጉዳይ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ሄደው የሚመለሱት ይህችን ለመስማት ነበር።

ታዲያ በኅዳር መግቢያ «ውሃችን ይጥራ» የተባለ ማህበር ከግቢያቸው ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ላይ ሦስት ፎቅ የሚያህል ባነር ሰቀለ። ባነሩ ላይ የጎረቤታቸው የአቶ ሕዝቅኤል ፊት አለ፤ አፋቸው ተከፍቶ፣ ቡናማ ጥርሳቸው እያንዳንዱ የበር መዝጊያ አክሎ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ፍሎራይድ ያደረገውን እዩ! በውሃችን ሊጨምሩት ነው! ያመክናል! አእምሮ ያደነዝዛል! አጥንት ያቀልጣል! ዛሬውኑ እምቢ በሉ!» ከዚያ በታች ክብ ማህተም አለ። የሰፈሩ እድር ማህተም ነው።

ማህተሙን የመቱት አቶ ሮበሌ ናቸው። የማህበሩ ሰዎች ወረቀት ይዘው መጥተው «የአንድ የተከበሩ የሰፈሩ አባት ፎቶ እናወጣለን» ሲሏቸው፣ የተከበረ አባት ማለት ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ወረቀቱን ሳያነቡ መቱላቸው። ከዚያ ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ሦስት ቀን ፎቶ አንሺ ጠበቁ። በአራተኛው ቀን ሕዝቅኤል ተሰቀለ።

ቅናት የሚሉት ነገር እንቅልፍ አያውቅም። ሐሙስ ጠዋት አቶ ሮበሌ ከአባታቸው የወረሱትን ማጭድ በጋቢ ሸፍነው ወጡ። የባነሩን ገመድ በግራ እጃቸው እንደያዙ ከኋላቸው ድምፅ ሰሙ።

«ጋሽ ሮበሌ፣ እንደምን አደሩ? አጨዳ ገባ እንዴ?»

የሕዝቅኤል የመጨረሻ ልጅ እድላዊት ነበረች። የኅብረተሰብ ጤና ተምራ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ቃሏ ለስላሳ ዓይኗ ግን ምንም የማያመልጠው ልጅ ናት። በስልኳ ባነሩን ፎቶ እያነሣች ነው።

«እግዜር ይመስገን፣ እንዴት አደርሽ ልጄ። አይ፣ ማጭዱን… ላስለው ብዬ ነው።»

«ገመድ ላይ?»

«የአባትሽ ፊት በፀሐይ እንዳይጠቁር አስቤ ነው እንግዲህ! ምን ልታደርጊኝ ነው?»

«ምንም። እኔም ላስወርደው ነው የመጣሁት፤ በማጭድ ሳይሆን በአቤቱታ። ማስታወቂያ ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት።»

አቶ ሮበሌ ጆሯቸውን አላመኑም። የገዛ አባቷን! እሳቸው ያቺን ቦታ ቢያገኙ ኖሮ ልጆቻቸው በየሳምንቱ እንዲወለውሏት ያዝዙ ነበር።

«እንግዲያው ጻፊልኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ስሜ ከታች የተጠቀሰው አመልካች፣ አቶ ሕዝቅኤል የተባለ ግለሰብ በጥርሱ ተመክቶ የሃያ ሁለት ዓመት መውረጃዬን…»

«ጋሼ፣ ቅጹ ላይ እኮ ለቅናት የተተወ ቦታ የለም።»

«ማን ቀና? እኔ? በዚያ ጥርስ?»

«ቅጹ የሚጠይቀው የትኛው ቃል ሐሰት እንደሆነና ለምን እንደሆነ ነው።»

እዚህ ላይ አቶ ሮበሌ ግራ ገባቸው። ባነሩ ላይ የጠሉት ሕዝቅኤልን እንጂ ጽሑፉን አልነበረም። ጽሑፉንማ አምነው ለሚስታቸውም አንብበውላት ነበር።

«ቆይ እንጂ። የተጻፈውማ እውነት ነው። የአባትሽ ጥርስ ይኸው ምስክር!»

«ጥርሱ እውነት ነው። አባቴ ያደገው ዝዋይ አካባቢ ነው። እዚያ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው፤ ማንም አልጨመረውም፣ ከመሬቱ ነው። ልጅ ሆኖ እሱን የጠጣ ጥርሱ ይበልዛል፤ በጣም በበዛበት ቦታ አጥንትም ይጎብጣል። ይሄን አልክድም። ውሸት እኮ ባዶ እጁን አይመጣም፣ አንድ እውነት ተከራይቶ ነው የሚመጣው።»

«እና ታዲያ? መርዝ ነዋ!»

«ጋሼ፣ እርሻ ላይ እያላችሁ ለጤፍ ዩሪያ ትጨምሩ አልነበር?»

«እንዴታ!»

«ቢበዛበትስ?»

«ይጋሽባላ! ያምርና ያምርና ነፋስ ሲመጣ መሬት ላይ ይተኛል።»

«ስለዚህ ዩሪያ መርዝ ነው?»

አቶ ሮበሌ ማጭዱን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ሰው መልሱን ሲያውቀውና መናገር ሳይፈልግ እጁ ሥራ ይፈልጋል።

«መጠኑ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ፍሎራይድም እንደዚያው። ጥቂቱ ጥርስን ከመበላት ይጠብቃል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ለዚያ ነው። ብዙው ይጎዳል። እስቲ የቀረውን እንየው። ያመክናል ይላል። አባቴ ስንት ልጅ አለው?»

«ስምንት።»

«እኔ ስንተኛ ነኝ?»

«ስምንተኛ… እሺ፣ እዚህ ጋ ባነሩ ትንሽ ቸኩሏል።»

«አእምሮ ያደነዝዛል ይላል። ዳማ ስትጫወቱ ማን ያሸንፋል?»

«እሱን ተይው!»

እድላዊት ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷን ሰበሰበች። «ይሄ ቀልድ ነው ጋሼ። በአንድ ሰው ጥርስ ሳይንስ እንደማይጸድቅ ሁሉ በአንድ ሰው ስምንት ልጅም አይጸድቅም። ከልክ ያለፈው የልጆችን አእምሮ ይነካ እንደሆነ የሚያጠኑ አሉ፤ ያጥኑ። ውሃ ውስጥ ይጨመር አይጨመር ብሎ መከራከርም የማንም መብት ነው። ‹ሊጨምሩት ነው› የሚለውን ግን ማን ወሰነ፣ መቼ ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። ከታች በደቃቅ ፊደል ያለውን ስልክ ደወልኩበት። ‹ስንት የውሃ ማጣሪያ ይፈልጋሉ?› ነው ያሉኝ።»

«ነጋዴዎች ናቸዋ!»

«ባለሱቁን ሰዒድን ጠይቁት። እናቶች የጥርስ ሳሙና መልሰውለታል፣ ፍሎራይድ አለው ብለው። ከረሜላውን ግን የመለሰ የለም።»

አቶ ሮበሌ ለመሳቅ ከጀላቸው። እድላዊት ግን እየሳቀች አልነበረም።

«አባቴንም ‹ነጻ ሕክምና እንሰጥዎታለን፣ ለሐኪም ማሳያ ነው› ብለው ነው ፎቶ ያነሡት። ከተሰቀለ ወዲህ ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን አላዩም?»

አይተዋል። ሳይታያቸው ቀርቶ አይደለም። አዲስ የመጣ ኩራት መስሏቸው ነበር፤ ዝነኛ ሰው እንዲህ ነው የሚስቀው ብለው ሚስታቸው ስትወጣ በመስታወት ፊት ሞክረውታል።

«አቤቱታውን ባለፈው ሳምንትም አንዴ አስገብቼ ነበር» አለች እድላዊት። «‹የአካባቢው እድር ራሱ በማህተሙ ደግፎታል፤ መጀመሪያ ድጋፉ ይነሣ› አሉኝ። ብቻ… ማህተሙ እንዴት እንደተመታ የሚነግረኝ ባገኝ።»

የእድሩ ማህተም በማን ኪስ እንደሚያድር መካኒሳ በሙሉ ያውቃል። እድላዊት ግን የጨዋ ልጅ ናትና ይህን ስትል ሰማይ ሰማይ ታይ ነበር። አቶ ሮበሌ ማጭዱን በጋቢያቸው መልሰው ጠቀለሉት። ባነሩ ከወረደ ስማቸው ይመለሳል። ባነሩ እንዲወርድ ግን ሰፈሩ ፊት ቆመው ስማቸውን ራሳቸው መጣል አለባቸው።

እሑድ በእድሩ ድንኳን በተደረገው ስብሰባ ላይ፣ ስም ጥሪው እንዳለቀ፣ ሊቀመንበሩ ተነሡ።

«ባነሩ ላይ ያለውን ማህተም የመታሁት እኔ ነኝ። ሳላነብ ነው።»

ሰዒድ ከኋላ ሆኖ «ምነው ጋሼ? የአስር ብር ደረሰኝ ሦስቴ የሚያነቡ ሰው!» አለ።

የአቶ ሮበሌ ሚስት የኮታቸውን ጫፍ ያዘች። ከፊታቸው ሕዝቅኤል አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

«ፎቶህን እናወጣለን ያሉኝ መስሎኝ ነው» አሉ አቶ ሮበሌ። «ፀጉሬንም ተቆርጬ ነበር።»

ከሁሉም ቀድመው በሳቅ የፈነዱት ሕዝቅኤል ናቸው። እጃቸውን ወደ አፋቸው መውሰድ ረስተው፣ ቡናማው ጥርስ በሙሉ እስኪታይ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንተ ሮበሌ! ምነው ቀድመህ በነገርከኝ፣ ቦታውን በነጻ እለቅልህ ነበር!» ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ፤ አቶ ሮበሌ ራሳቸው ሳይወዱ ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ የዩሪያውን ነገር ለእድርተኛው አስረዱ። እውነቱን ለመናገር ከእድላዊት አሳምረው አስረዱት፤ ምሳሌውን የፈጠሩት እሳቸው እስኪመስል። እድሩ ድጋፉን አነሣ። ከእንግዲህም የትኛውም ወረቀት በጉባኤ ፊት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ሳይነበብ ማህተም እንዳያርፍበት ወሰነ።

ከወር በኋላ መሥሪያ ቤቱ ባነሩን አስወረደ። ማህበሩ በማስረጃ መከራከር እንደሚችል፣ ሕዝብን በሐሰት ማስፈራራት ግን እንደማይችል ጻፈለት። የማጣሪያው ስልክ ከዚያ ወዲህ አይነሣም። እናቶች የጥርስ ሳሙናውን መልሰው ከሰዒድ ገዙ፤ ለልጅ ጥቂት ጣል ማድረግና እንዲተፋው ማስተማር እንደሚበቃም እድላዊት ቤት ለቤት አሳየቻቸው። ጥርሱ የታመመበት ሰው ከባነር ይልቅ ጤና ጣቢያ መጠየቅ ለመደ። አቶ ሕዝቅኤልም ስልክ ሲያነሡ «ጥርሱ ነኝ፣ ማን ልበል?» ማለት ጀመሩ።

የቀረው የመውረጃው ስም ብቻ ነበር። ግድግዳው ባዶ ነው፤ ስሙን ማንም ቀድሞ የጠራው ይወስደዋል።

አንድ ቅዳሜ ሁለቱ ጎረቤታሞች ከሀይሌ ጋርመንት አብረው ሚኒባስ ያዙ። ሰፈራቸው ሲቃረብ ሕዝቅኤል አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ዕድሉን ለባለቤቱ መተዋቸው ነው። አቶ ሮበሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ጮክ አሉ፦

«ጥርሱ ጋ ወራጅ አለ!»

ሕዝቅኤል ወደ እሳቸው ዞሩ። «ሮበሌ! ባነሩ እኮ ወርዷል። ስምህን ጥራ እንጂ፣ ምን ነካህ?»

«ለምን እንደሆነ አልናገርም።»

«ንገረኛ!»

«አልናገርም አልኩህ። ውረድ፣ ሰው አትዝጋ።»