የጋሽ ሀብተሥላሴ ደም ገና ሥራ ላይ ነው

ጓዶች፣ እስኪ አንዴ ጸጥ እንበል። ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ እርስዎም የቤተ ሙከራውን በር ማየትዎን ይተዉና እኔን ይዩኝ!

እኚህ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ሰው እዚህ ኮልፌ ቤተ ሙከራ ሥራ የጀመሩ ዕለት፣ ከአየር ጤና በአውቶቡስ ሲመጡ በጋቢ የተጠቀለለ አፈ ሰፊ ጠርሙስ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ነበር። እኛ ማር መስሎን ከበብናቸው። "ባዶ ነው" አሉን። "ታዲያ ምን አሳቀፈዎት?" ብንላቸው፣ "የሕዋስ ቤት ነው" አሉና እርፍ! ይቺ ዙቤዳ በጆሮዬ "ሰውዬው ጤነኛ ናቸው?" አለችኝ።

የሕዋሶቹን ብልቃጥ ጠርሙሱ ውስጥ አስገብተው አጠገቡ ሻማ ያበራሉ። ክዳኑን ሲገጥሙበት ነበልባሉ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፤ ለሕዋሶቹ የሚስማማ አየር ይቀራል። አንድ ቀን ታዲያ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ድንገት ገባ።

"ጓድ ሀብተሥላሴ፣ ይህ ሻማ ለየትኛው ታቦት ነው?"

እኛ ክው አልን። እሳቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "ለደም ነው፣ ጓድ። ሲጠፋ ይነግሩኛል?" ካድሬው ቆሞ ጠበቀላቸው!

ደግሞ ያ አመላቸው! ጠርሙሱ የሚቀመጥበትን የማሞቂያ ሳጥን ከከፈትን "ዝጉት! በረዳቸው!" ነው። በክረምት ጥርሳችን ሲንገጫገጭ ግን "በረዳችሁ?" ያለን የለም።

ቀልዱ ይብቃኝ። እውነቱን ልናገር፤ ፈርቻለሁ። አሁን ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ከራሳቸው ከጋሽ ሀብተሥላሴ ደም የተወሰዱ፣ ቀይ የደም ሕዋስ ለመሆን ገና በማደግ ላይ ያሉ ጥንስሶች ናቸው። ሕፃን በማህፀን ሳለ የሚሠራው አየር ተሸካሚ ሄሞግሎቢን ከተወለደ በኋላ በሌላ ይተካል። የአዋቂ ሰው ሕዋስ በብልቃጥ ሲያድግ ግን ያንን የጽንስ ሄሞግሎቢን መልሶ ይሠራል ይባላል። እውነት መሆኑን ነገ ጧት እናያለን። የሚቀሰቅሰውን ነገር ብናውቀው፣ ደማቸው በዘር ለታመመ ልጆች ትልቅ ተስፋ ነው። ከዚህ በፊት የሞከርናቸው ሕዋሶች ሁሉ ሞተውብናል፤ ማሳደጊያ ፈሳሹም አልቋል። ነገ ደግሞ እርስዎ የሉም።

ስንሳሳት ኃላፊዎች ፊት ቆመው "ጥፋቱ የእኔ ነው" ይሉልን ነበር። በዚህ ጊዜ እንዲህ የሚል ሰው ከየት ይገኛል? እግዜር ያክብርልን። በሉ ብርጭቆአችሁን...

እንዴ! መብራቱ ሄደ!

አይነሱ፣ ጋሽ ሀብተሥላሴ! ይቀመጡ ብያለሁ! ዙቤዳ፣ ምድጃው ላይ ውሃ ጣጂ፤ በጠርሙስ ሞልተን ሳጥኑ እንዳይቀዘቅዝ ዙሪያውን እንደረድርበታለን። ማንም እንዳይከፍተው!

በሉ ቶሎ እናንሳ፤ ለጋሽ ሀብተሥላሴ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ከእንግዲህ የልጅ ልጅ ብቻ ይቀፉ። እናንተ ጠጡ። የእኔን እዚህ አስቀምጡልኝ፤ ደምዎ ሳይበርደው ልድረስ።