ፕላዝማው ያላየው እጅ

የከተማው ባቡር፣ ላይት ሬይሉ፣ ሞልቶ ስለነበር የላይኛውን መያዣ ጨብጬ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ሁለት ሐበሾች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው የልጅ አባት፣ ሌላኛው አገር ቤት ሂሳብ ያስተምሩ የነበሩ ሰውዬ።

«ክላስ ገብቶ መማር ድሮ ቀረ፣ ጋሼ። አስተማሪዋ ትምህርቱን በቪዲዮ ትቀዳዋለች፣ ልጄ ቤት ሆና ታየዋለች። ሆምወርኩን ደግሞ ትምህርት ቤት ትሠራዋለች።»

«ፕላዝማ በለኛ!»

«የምን ፕላዝማ? አዲስ ሜተድ ነው እኮ።»

«ለእናንተ ነው አዲስ። እኛ ሃይስኩል በሳተላይት የሚያስተምር ቴሌቪዥን ነበር። የኔ ሥራ እሱን መክፈት ነበር።»

«ኦኬ፣ ልጆቹስ ይገባቸው ነበር?»

«ፕላዝማው ይጠይቃል፤ ማንም ሳይመልስ ‹ቬሪ ጉድ!› ብሎ ያልፋል።»

«የኔ ልጅ ካልገባት ፖዝ ታደርገዋለች።»

«ያኛው የሚቆመው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ያኔ ክፍሉ በጭብጨባ ይናጋል።»

«ሶ፣ ያን ጊዜ እርስዎ ያስተምራሉ?»

«ምን አስተምራለሁ፣ አብሬ አጨበጭባለሁ እንጂ!»

ሁለቱም ሳቁ።

«አንድ ልጅ ግን ነበር» አሉ ሰውዬው። «ፕላዝማው በጠየቀ ቁጥር እጁን ያወጣል። አንድ ቀን ‹አያይህም እኮ› ብለው፣ ‹እርስዎ ያዩኝ የለ እንዴ ቲቸር!› አለኝ።»

«ታዲያ ጠሩት?»

«ልጠራው አፌን ስከፍት ፕላዝማው ‹ቬሪ ጉድ!› አለ።»

ማውንት ቤከር ጣቢያ ስንደርስ መያዣውን ለቅቄ፣ እንደዚያ ልጅ ወደ ላይ የወጣ እጄን ቀስ ብዬ አወረድኩ።