የደወል ቤቱ ሞደም

— ሄሎ... አዎ፣ ስታማቲያ ኤሌክትሮኒክስ፣ ካርዲትሳ... ማን? ... አጶስጦሊስ? ውይ አበልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ? ልጅህን ክርስትና ካነሳሁ ወዲህ ስትደውልልኝ ይሄ ሁለተኛህ ነው።

— ደህና ነኝ... ምን? ጮክ በል፣ ነፋስ ነው የሚሰማኝ... ሚልቲያዲስ፣ ሬዲዮውን ቀንሰው እስቲ፣ ከተራራው ነው የሚደውሉት... እህ፣ ቀጥል።

— ሞደም። ለቤተ ክርስቲያኑ ደወል... ባለፈው የገዛኸውስ? ... ከእኔ አለመግዛትህንማ ሰው ነግሮኛል። ደወል ደዋዩ ሞተ፣ ቄሱ ሌሎች መንደሮችም ያገለግላሉ፤ ኮሚቴው በስልክ መልዕክት ደወሉን የሚያስጮህ ሞደም ምረጥ ብሎ ላከህ። አንተ የመረጥከው የጋራዥ በር መክፈቻ ነው።

— ርካሽ ነበር። እሱን አልጠራጠርም።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? ... እና ምን ሆነ? ... የምን ማስታወቂያ? ... "ምንጣፍ በግማሽ ዋጋ" የሚል መልዕክት ሲም ካርዱ ላይ ገባና ደወሉ ጮኸ... እንዴት አይጮህ? የላከው ማን እንደሆነ የማይጠይቅ ሞደም ነዋ የገዛኸው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ልክ እንደ ገዢው።

— ቆይ፣ የትኛው አደዋወል? የፋሲካው፣ የደስታው ወይስ... የመርዶው? ለምን የመርዶውን አደረግከው? ... "በመንደራችን ከሠርግ ቀብር ይበዛል።" ጎሽ። ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው።

— እሺ... እሺ... ማን? አባባ ዚሲስ? እሳቸው ታመው አልጋ ላይ አይደሉም እንዴ? ... አዎ፣ ደወሉን የሰማ ሁሉ እሳቸውን ነው የሚያስበው... ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ሻማ ይዘው ገቡ? ሰውየው ቁጭ ብለው እያዩዋቸው? ... ንፍሮም ተጥዶ ነበር? ... አምላኬ።

— አትሳቅ። እኔ አልሳቅኩም... ከዚያስ? ... ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ... "ከተደወለልኝ ተደወለልኝ" አሉ... እህል አይቀምሱም? ሚስታቸው እማማ ቫያ የሚያቀርቡላቸውንም? ... ከእሁድ ጀምሮ። እና ዛሬ ነው የምትደውልልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።

— ስህተት መሆኑን ነግራችኋቸዋል... እና? ... "ደወል አይሳሳትም።" እውነታቸውን ነው። እዚያ መንደር ደወል ተሳስቶ አያውቅም ነበር፣ አንተ ሞደም እስክትገዛለት ድረስ።

— ምን አልክ? ሌላ ሞደም አይተሃል? ... ፎርጂ? ፈጣን? ... አጶስጦሊስ፣ ደወሉ ፊልም ሊያወርድ ነው? እናንተ ሸለቆ ውስጥ የሚይዘው አሮጌው ኔትወርክ ብቻ ነው፤ ፎርጂ ብቻ የሚያውቅ ሞደም እዚያ ድንጋይ ማለት ነው... አንቴናው ብዙ ነው? የጃርትም እሾህ ብዙ ነው።

— አሁን አፍህን ዝጋና ስማኝ። የሚያስፈልገው አሮጌውንም አዲሱንም ኔትወርክ የሚይዝ፣ የተፈቀደ ቁጥር ካልሆነ የማይታዘዝ፣ "እገሌ አዞኝ ደውያለሁ" ብሎ መልስ የሚልክ ሞደም ነው። ይኸው፣ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል... ዋጋውን ለቄሱ እነግራቸዋለሁ፣ ካንተ ጋር ንግድ የለኝም።

— እመጣለሁ። ዛሬውኑ፣ ከምሳ በኋላ... ሚልቲያዲስ፣ መሰላሉን መኪናው ላይ ጫነው... አይ አጶስጦሊስ፣ አንተ ምንም እንዳትነካ። የሞደሙን ገመድ ከሶኬቱ ንቀል፣ ሌላ ነገር አትሞክር።

— ቆይ፣ እንዳትዘጋው። አባባ ዚሲስ ሞባይል አላቸው? ... ትልልቅ ቁልፍ ያለው። ጥሩ። ቁጥራቸውን ላክልኝ... "ምን ታደርጊበታለሽ?" ትለኛለህ? ሞደሙ የሚታዘዘው ለሁለት ሰው ነው፤ ለቄሱና ለእሳቸው። የፋሲካውን አደዋወል ራሳቸው ያስደውሉታል፣ እዚያው አልጋቸው ላይ ሆነው፣ በገዛ ጣታቸው። ለሞተ ሰው ይደወላል እንጂ ሙት ደውሎ አያውቅም። ማንም እንዳያስረዳቸው፤ ራሳቸው ይደርሱበታል።

— ያንተ ቁጥር? ... አይገባም... አበልጄም ብትሆን... ተቀየምክ? ተቀየም። አንተ መልዕክቱን ሲጽፉ መነጽራቸውን አቀብላቸው፣ ይበቃሃል።

— ሄሎ? ... አለህ? ... ለእማማ ቫያ ንገራቸው፣ ሾርባውን ያሙቁ። ደውለው ሲጨርሱ ይርባቸዋል... በል፣ ዝጋው።