የቶሎሳ ካርቡራተር

ባሌ ቶሎሳ የአሮጌ ጭነት መኪናውን ካርቡራተር፣ ያንን ነዳጅና አየር መቀላቀያ፣ ሌላ ሰው አያስነካም። አንድ ጠዋት ከአምቦ ወደ ጎጆ ከተማ ወጥተን ድንች ልንጭን ስንል፣ ሞተሩን አስነስቶ የካርቡራተሩን ማስተካከያ ብሎን በካቻቢቴ ሲያዞር ቆየና «አሁን ድምፁ ጠራ» አለኝ። ሞተሩ ግን እንደ ጉንፋናም እያሳለ ጥቁር ጭስ ይተፋል። «አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህን ለማን አበደርከው?» ብዬ ከጀርባው ሳቅኩበት። ብሎኗን ማዞሩን ቀጠለ። ስሙን ጮኼ ጠራሁት፤ አሁንም አልዞረም። ሳቄ ጠፋ።

ዞር ሲል ፊቴን አይቶ፣ ጆሮው እንደደከመ ማወቄ ገባው። «ትራፊኮቹ ካወቁ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል» አለ። ጆሮው ሥር ተጠግቼ እየጮኽኩ «መሪውን ለወንድምህ ስጥ፤ ብሎኗን ግን አንተ አዙር፣ እኔ እሰማልሃለሁ» አልኩት። ብሎኗን አዙሮ የሞተሩ ድምፅ ሲጠራ ትከሻውን መታ አደረግኩት። «እንዴት ይላል?» አለኝ። ምቱን በመዳፉ እንዲሰማው፣ እጁን ይዤ ከሚንቀጠቀጠው ሞተር አጠገብ ባለው ብረት ላይ አኖርኩለት።