በሁለት ነጠላ ሰረዝ መሃል

ካይሮ ዳርቻ ካለችው ከ6ኛ ኦክቶበር ከተማ ወደ ፋይሰል ሰፈር በሚመለስ ማይክሮባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ እህትና ወንድም አረብኛ ጣል እያደረጉ በአማርኛ ይጨቃጨቃሉ።

«ለእማዬ ሙት ዓመት የሠራኸውን ገጽ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ አየሁት። ‹ልጆቿ፦ አልማዝ፣ ፣ ዳዊት› ይላል። ወንድማችን ተክሌ የታለ?»

«እትዬ፣ ያዕኒ፣ ጃቫስክሪፕት ላይ ጆይን የምትባል ትእዛዝ አለች። ስሞቹን በነጠላ ሰረዝ አያይዛ አንድ መስመር ታደርጋቸዋለች። የሱን ቦታ ባዶ ስለተውኩት ባዶውንም አብራ አያያዘችው።»

«ማን ነው ባዶ ተወው ያለህ?»

«ሊቢያ ከገባ ወዲህ ድምፁ የለም። ‹ነፍስ ይማር› ልበል ወይስ ስሙን ብቻ ልጻፍ? ምን ላድርግ?»

«ስለዚህ አጠፋኸው! የእናትህ ልጅ አይደለም?»

«ማሌሽ፣ አትጩኺ። ከፈለግሽ ባዶውን አወጣዋለሁ። አልማዝና ዳዊት ብቻ እንሆናለን፣ ክፍተቱም አይታይም።»

«ሞክራትና እንተያያለን! እሱን አውጥተህ እኔንና አንተን ልታጣብቅ?»

«ታዲያ ልጻፈው? ከስሙ ፊት ምን ልበል?»



«ኸላስ፣ በቃ! እስኪደውል ድረስ ቦታውን እንዳትነካበት!»

ከጎኔ ባዶው ወንበር ላይ ያስቀመጥኩትን ቦርሳ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት፤ ወንበሩን ባዶ ተውኩት።