ትንፋሼን ያስያዘችኝ ልጅ

ሳል አልለቅ ቢለኝ ደረቴን ሲቲ ስካን ልነሳ ቀራንዮ አካባቢ ካለ ሆስፒታል ገባሁ። አጋድመው ዝሆን በሚያሾልክ ቀለበት ውስጥ እንደ ዳቦ ሰደዱኝ። የምታነሳኝ ሥራውን ገና የምትለማመድ ልጅ ናት። አለቃዋ «እኚህን ሰውዬ በደንብ ካነሳሽ ከነገ ጀምሮ ብቻሽን ትሠሪያለሽ» ሲላት ስለሰማሁ፣ በእኔ ጥፋትማ አትወድቅም ብዬ ማልኩ።

ከመስታወቱ ጀርባ ሆና በድምፅ ማጉያው «ጋሼ፣ አየር ይሳቡ! ትንፋሽዎን ይያዙ!» አለች። የኮልፌን አየር ጠቅልዬ ሳብኩት፤ ውጭ ያለው ሕዝብ የሚተነፍሰው ሳያጣ አልቀረም። ማሽኑ ዞሮ ዞሮ ቆመ፤ ልጅቷ ግን ምስሉ ጥርት ብሎ ቢወጣላት በደስታ እኔን ረሳችኝ። ነፍሴ ወጥታ፣ መድኃኔዓለምን ተሳልማ፣ በታክሲ ተመለሰች።

«ምስሉስ አንደኛ ነው፤ ሰውየውስ?» አላት አለቃዋ።

«ውይ! ጋሼ፣ ይተንፍሱ!» ብላ እየሮጠች መጣች። «ምነው ዝም አሉ?»

«ያዝ ብለሽኝ! ለቅቄው ፈተናሽን ላበላሽብሽ?»

አለቃዋ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም ፈተናዋን አለፈች። ዛሬም ቤቴል ታክሲ ስትጠብቅ ካየኋት ጉንጬን ነፍቼ ፊቷ እቆማለሁ። ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «ጋሼ፣ ይተንፍሱ!» ካላለችኝ አልለቅም።