ኪሎ ሜትሩ ሜትር ሲሆን
የውሃ ጉድጓዱ ጉራጌ፣ ቸሃ ውስጥ ካሉ ሁለት መንደሮች ለአንዱ ብቻ ነበር የተፈቀደው። ታችኛው መንደር ሦስት መቶ ቤት አለው፣ ውሃው ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቀዋል። ላይኛው መቶ ቤት፣ ሦስት ኪሎ ሜትር። እኔም ያለሁበት የውሃ ኮሚቴ የቤቱን ቁጥርና ርቀቱን ሲደምር ታችኛው በለጠ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ሸምሱ ግን ኪሎ ሜትሩን በሜትር ጽፈው እንደገና ደመሩት፤ ላይኛው በለጠ። ጠረጠርኳቸው።

«ጋሼ፣ መንገዱ አሁን ረዘመ እንዴ?» አልኳቸው። «ቤትና ርቀት አይደመርም። በቤትም በርቀትም ትልቁ ሙሉ ነጥብ ይሰጠው፣ ሌላው በድርሻው ያግኝ።»

እንዳልኩት ሠሩት፤ ታችኛው አሸነፈ። ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩኝ። «ደግ ነው። ለመሆኑ የእናትህ ቤት ታችኛው መንደር፣ ጀፎረው መንገድ ዳር አይደለም?»

ሒሳቡ ልክ ነው። እናቴም እዚያው ናት። ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚያምነኝ ሰው ግን ከዚያ የስብሰባ ክፍል አላገኘሁም።